ይድረስ ለጋሼ፣ ለማታ ተማሪዎቻችን ለደረሳችሁም ሁሉ

መጋቢት 7 ቀን 2012 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ከተዘጉ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አንመለስበትም። የካቲት 29 ቀን 2013 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሲጀመር የማታ ተማሪዎቻችን መታወቂያቸውን ይዘው በጠዋት ተሰልፈው ነበር። ተመስገን! ከዚያ ቀን ወዲህ ምስጋናው ልባችን ውስጥ እየተገላበጠ ነውና ከበሩ እንጀምር።

ጋሼ፣ የእርስዎ ሥራ ግቢውን መጠበቅ ነበር። ፖስታ ማደል፣ ወረቀት መረከብ፣ የቀረ ተማሪ መፈለግ በደመወዝዎ ውስጥ አልነበረም። ነገሩን በቅርብ ላላየ ሰው እናስረዳ። ትምህርት ቤቱ በተዘጋበት ጊዜ ተማሪዎቹ ባሉበት ሆነው እንዲማሩ በየሳምንቱ ለእያንዳንዱ አንድ ካኪ ፖስታ ይዘጋጅ ነበር። በየትምህርቱ ሁለት ወረቀት ነው፣ ፊትና ጀርባ አራት ገጽ። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ አጭር ማስታወሻና ደረጃ በደረጃ የተሠራ ምሳሌ አለ፤ እሱ ከተማሪው ጋር ይቀራል። በሁለተኛው ላይ መልመጃውና የመልስ ቦታው አለ፤ እሱ ይመለሳል። ከዚህ ሲወፍር አይሠራም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሃያ ሃያ ገጽ ስንልክ የተመለሰልን ጥቂት ነው። «መጽሐፉ ላይ ገጽ ይህን ተመልከት» የሚል መልመጃም መጽሐፍ ለሌለው ልጅ ባዶ ወረቀት ነው።

ፖስታው ሐሙስ ከሰዓት ይታደል ነበር፤ ብዙው ሳይነሳ ያድራል። ልጆቹ ትምህርቱን የተዉት መስሎን አዝነን ነበር። ያኔ እርስዎ «እነዚህ ልጆች እኮ ሰው ቤት ነው የሚሠሩት፤ በሥራ ቀን ማን ይለቃቸዋል? እሑድ አድርጉት» አሉን። እሑድ አደረግነው፤ እርስዎም የዕረፍት ቀንዎን ሰጡን። ይህን ስንጽፍ እንባ ይቀድመናል።

ባለመስመር ደብተርዎ ደግሞ አለ። ቁጥር፣ የወሰደ፣ የመለሰ፤ ሦስት ዓምድ ብቻ። ስም ሳይሆን ቁጥር እንዲሆን ያደረጉት ሁለት ተማሪዎች ስማቸው እስከ አባታቸው አንድ ስለሆነና ፖስታቸው ስለተለዋወጠ ነው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ገጽ ላይ የተማሪው ቁጥር ተጻፈ፤ ስፒሉ ቢወልቅና ወረቀቱ ቢበታተንም የማን እንደሆነ ይታወቃል። የተመለሰውን የተቀበሉበትን ቀን በጻፉበት ካርቶን ከተው፣ ከቫይረሱ ለመጠንቀቅ፣ ሦስት ቀን ያሳድሩታል፤ መምህራኑ ከዚያ በኋላ ይወስዱታል። ወረቀት ያልመለሰውን በቀይ ያሰምሩና ሰኞ ጠዋት ዝርዝሩን ያስረክቡናል።

ያ ቀይ መስመር ነው ፕሮግራሙን አጽንቶ ያቆየው። በርቀት የሚማር ልጅ አንድ ሳምንት ሲያመልጠው ይመለሳል። ሦስት ሳምንት ካለፈው ግን የተከመረውን ወረቀት ያይና ያፍራል፤ ስልክም አያነሳም። ስለዚህ ሰኞ ስሙ የደረሰን ልጅ እስከ ማክሰኞ ማታ ይደወልለታል። ያመለጠውም ተደርቦ አይሰጠውም፤ የዚህ ሳምንት ፖስታ ካለፈው ዋና ዋናውን ከያዘ አንድ ገጽ ጋር ብቻ ይወስዳል። ይህን ዘዴ ያገኘነው በእርስዎ ነው፤ ሁለት ፖስታ የተሸከሙት ልጆች በሚቀጥለው እሑድ እንደማይመጡ ያስተዋሉት እርስዎ ነዎት። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ውለታዎን በምን እንደምንከፍል አናውቅም።

የሂሳብ መምህራችንንም ሳናነሳ አናልፍም። ባለቁልፍ ስልክ ለያዙት በየቀኑ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ፣ የሰው ቤት ሥራ ሲያልቅ፣ ለእያንዳንዳቸው አሥር አሥር ደቂቃ ይደውሉ ነበር። መጀመሪያ «የቱ ጋ ቆምሽ?» ብለው ይጠይቃሉ እንጂ «ገባሽ?» አይሉም፤ «ገባሽ?» ለሚል መምህር «አዎ» የማይል ተማሪ የለምና። ሲያርሙም ስህተቱ የጀመረበትን መስመር ያከቡና አጠገቡ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ፤ የኤክስ ምልክት ብቻውን ቤቱ ለተቀመጠ ልጅ ምንም አይነግረውም። የመልሱ ቁልፍ የሚላከው ወረቀቱ ከተመለሰ በኋላ ነው። አብሮ ሲላክ ምን እንደሚሆን መምህር ሁሉ ያውቀዋል።

አጭር መልእክት የላካችሁልን በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች፣ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ አንድ መልእክት 70 ፊደል ብቻ እንደሚይዝ፣ በላቲን ግን 160 እንደሚይዝ፣ አሮጌ ስልክ ላይም አማርኛው ባዶ ሳጥን ሆኖ እንደሚወጣ ያሳያችሁን እናንተ ናችሁ። ለየትኛው ቁጥር በየትኛው ፊደል እንደሚላክ ለይታችሁ መዘገባችሁ። ቴሌግራም ላላቸው ደግሞ ቪዲዮ አስቀርታችሁ ከአምስት ደቂቃ የማይበልጥ የድምፅ መልእክትና አንድ ፎቶ ብቻ እንዲላክ አደረጋችሁ፤ ስልካቸው በራሱ እያወረደ የኢንተርኔት ጥቅላቸውን እንዳይጨርስ ቅንብሩን በስልክ እየመራችሁ አዘጋችኋቸው። «በእርሳስ አትጻፉ፣ በጥቁር እስክሪብቶ ጻፉ፤ ፎቶውን መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን አንሱ» የሚለው ምክራችሁ የስንቱን መምህር ዓይን አሳረፈ!

የፎቶ ኮፒ ቤቷ እመቤት፣ ዱቤው ሲጠራቀም አንድም ቀን ፊትሽ አልጠቆረም። ፊትና ጀርባ ሲታተም ገጹ ተገልብጦ እንዳይወጣ ከእያንዳንዱ ትምህርት አንድ ቅጂ አውጥተሽ ሳታዪ ሌላውን አትለቂውም ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልን።

ሠራተኞቻችሁን እሑድ የለቀቃችሁ፣ ስልካችሁን ያዋሳችሁ፣ የቴሌቪዥን ትምህርቱ በሚተላለፍበት ሰዓት ሳሎናችሁ እንዲቀመጡ የፈቀዳችሁ አሠሪዎች፣ በእውነት ከልብ እናመሰግናለን። ሌሎች መምህራን፣ ወላጆች፣ የዕድር አባላት፣ ወረቀትና ሳኒታይዘር ያመጣችሁ የሰፈር ሰዎች፣ ሁላችሁንም እናመሰግናለን።

ስማችሁን ወይም ሥራችሁን ያላነሳናችሁ እንዳትቀየሙን፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ብዙዎቻችሁ ማን እንደሆናችሁ እንኳ ሳትነግሩን እስክሪብቶ በር ላይ ትታችሁ የሄዳችሁ ናችሁ። ጋሼም ስማቸው እንዲጻፍ አልፈቀዱም፤ ግቢውን የሚያውቅ ሁሉ ግን ያውቃቸዋል።

ተማሪዎቻችን ሆይ፣ ታርመው ያልተወሰዱ ወረቀቶች አሁንም ጥበቃ ክፍሉ ውስጥ በቁጥር ተደርድረው አሉ። እሑድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ጋሼ በሩ ላይ ናቸው። ቁጥራችሁን ብትረሱም ኑ፤ ደብተሩ እሳቸው ጋ ነው።