«ድምፅ አልባ» ስለተባለው ጠመንጃ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው እትማችሁ ስለ ጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው ማፈኛ የተገጠመለት ጠመንጃ ሲተኮስ አጠገቡ የቆመ ሰው እንኳ አይሰማም ብለዋል። እኔ አጠገቡ ቆሜ አውቃለሁ፤ ይሰማል። የወረቀት ዒላማ መተኮስ ከጀመርኩ አሥር ዓመት አልፎኛል። የምተኩሰውን ጥይት ባሩድ እየሞላሁ የማዘጋጀውም ራሴ ነኝ። ሲመሽ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ግራ ጆሮዬ ውስጥ አንድ ቀጭን ፉጨት ይጀምራል። ቀኝ እጅ ተኳሽ ስለሆንኩ ለአፈሙዙ የሚቀርበው ግራ ጆሮዬ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የጆሮ መከላከያ ማድረግ የፈሪ ሥራ ይመስለኝ ነበር። ዕዳውን አሁን እየከፈልኩ ነው።

ጠመንጃ ሲተኮስ የምንሰማው አንድ ድምፅ ይመስለናል። ሦስት ነው። አንዱ ከአፈሙዝ የሚወጣው የጋለ ጋዝ ነው። ማፈኛ የሚይዘው ይህንን ብቻ ነው። ውስጡ በግድግዳ የተከፋፈሉ ትንንሽ ክፍሎች አሉት። ጋዙ በየክፍሉ እየገባ ይሰፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ረጋ ብሎ ይወጣል። ሁለተኛው ጥይቷ አየሩን እየሰነጠቀች ስትሄድ የምታሰማው ጩኸት ነው። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል እንላለን አይደል? ጅራፍ የሚጮኸው ጫፉ ከድምፅ ስለሚፈጥን ነው። ጥይትም እንደዚያው። ይህን ጩኸት የትኛውም ማፈኛ አይነካውም፤ ጥይቷ ከወጣች በኋላ የሚመጣ ነገር ነዋ። ሦስተኛው የብረቱ ድምፅ ነው፤ ቃታ፣ መምቻ፣ መዝጊያ። ሌሎቹ ሁለቱ ሲቀነሱ ይሄ ጎልቶ ይሰማል።

ቁጥሩም ይህንኑ ይናገራል። አንድ ትልቅ ጠመንጃ ያለ ማፈኛ ከ160 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) በላይ ይጮኻል። ጥሩ ማፈኛ ከዚያ ላይ 20 ወይም 30 ይቀንሳል። ጆሮ በአንድ ጊዜ ተኩስ ሊጎዳ ይችላል የሚባለው 140 ላይ ነው። ስለዚህ ማፈኛ ማለት ጆሮን ከአደጋ ወደ አደጋ ጠርዝ መለስ የሚያደርግ ዕቃ ነው። ዕቃውን እ.ኤ.አ. በ1909 የባለቤትነት መብት ያወጣበት ሂራም ፐርሲ ማክሲም፣ የዚያ የማክሲም መትረየስ ፈልሳፊ ልጅ ነበር። አባትየው በገዛ መትረየሱ ጩኸት ጆሮው ተጎድቶ ነው ያረጀው። ልጅየው ያንን ሐሳብ ወደ ሞተር ጭስ ማውጫም ወስዶታል። ታዲያ መኪናችሁ ድምፅ አልባ ናት?

ጸጥታ ከተፈለገ ጥይቷ ራሷ ከድምፅ መዘግየት አለባት። የእኔም ሥራ እዚህ ላይ ነው። ድምፅ 20 ዲግሪ ሙቀት ባለው አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ዜሮ ዲግሪ ላይ 331 ይሆናል። ይህቺን ልዩነት የተማርኩት በማፈር ነው። ቀትር ላይ ፍጥነት መለኪያ አስቀምጬ፣ ሁሉም 335 አካባቢ ሲመጡልኝ ደስ ብሎኝ አንድ ሳጥን ሞላሁ። ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት አንድ ማለዳ ይዤ ሄድኩ። ለጓደኞቼ «አሁን ስሙ፣ ምንም አትሰሙም» አልኩ። ጧ! ጅራፉ መጣ። እስካሁን ይስቁብኛል።

ደግሞ ዝግ ያለች ጥይት ቶሎ ትወድቃለች። በሰከንድ 320 ሜትር ፍጥነት የወጣች ጥይት 100 ሜትር እስክትደርስ ከጠመንጃው ቱቦ አቅጣጫ ግማሽ ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። ፍጥነቷ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ትንሽ ከተለያየ፣ ወረቀቱ ላይ ቀዳዳዎቹ ከላይ እስከ ታች ይበታተናሉ። ክብደት ለመጨመር ብለን ረጅም እርሳስ፣ ማለትም ከቱቦው ወጥታ የምትበረውን የጥይት ጫፍ ረዘም ያለችውን፣ እንጠቀማለን። ነገር ግን ቱቦው ውስጥ የተቀረጸው ጠመዝማዛ መስመር በበቂ ካላሾራት መንገድ ላይ ትገለባበጣለች። ወረቀቱ ላይ ክብ ቀዳዳ ሳይሆን የተጋደመች ጥይት ቅርጽ ካያችሁ፣ ማፈኛውን ወዲያው ፍቱት። የምትገለባበጥ ጥይት የማፈኛውን ውስጥ ትበላዋለች።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። ጽሑፉ በርካሽ ዝግ ያለ ጥይት መሥራት «ባሩድ መቀነስ ብቻ ነው» ይላል። ርካሽ መሆኑ እውነት ነው። ከጥይት ዕቃዎች ውዱ ባሩዱን የሚይዘው ቀለህ ነው፤ እሱ ደግሞ ጸድቶና ተስተካክሎ እየተደጋገመ ይሞላል። «ብቻ ነው» የምትለዋ ቃል ግን ጣት ታስቆርጣለች።

አንድ ቀን ተኮስኩና ድምፁ ከወትሮው ደከም አለ። ፕስስ ብሎ ቀረ። ማፈኛው ስለነበረ ብዙም አልገረመኝም። መዝጊያውን ስቤ ሁለተኛዋን አስገባሁ። ጣቴ ቃታው ላይ ነበር። የሜዳው ኃላፊ «አቁም!» ብሎ ጮኸ። እሱ ያየው እኔ ያላየሁትን ነው፤ ወረቀቱ ላይ አዲስ ቀዳዳ አልነበረም። ጠመንጃውን ባዶ አድርገን ቀጭን ዘንግ ወደ ቱቦው ብንሰድ መሀል ላይ ቆመ። እርሳሷ እዚያው ተሰክታለች። ለካ ያን ቀለህ ያለ ባሩድ ነው የዘጋሁት፤ ቀለሁ ግርጌ ያለችው፣ ባሩዱን የምትለኩሰው ትንሿ ቆብ ብቻዋን ነበር የገፋቻት። ሁለተኛዋን ብተኩስ ኖሮ ቱቦው ፊቴ ላይ ሊፈነዳ ይችል ነበር።

የተገላቢጦሹም አለ። ባሩዱ ትንሽ ስለሆነ ቀለሁ ከግማሽ በላይ ባዶ ነው። በስህተት ሁለት ጊዜ ቢጨመርበት አይሞላም፣ አይፈስም፣ ምንም ምልክት አይሰጥም። በዚያ ላይ ለዚህ ሥራ ያልተዘጋጀ ባሩድ ሲቀነስ ግፊቱ ይቀንሳል ብሎ መተማመን አይቻልም። አልፎ አልፎ ጨርሶ ባልተጠበቀ መንገድ ይነሳል። ለዚህ ነው ልኩን ከራሴ የማላወጣው። ባሩድ አምራቹ ካሳተመው ሰንጠረዥ ውጭ አንዲት ፍሬ አልሞላም። ከዚያ ቀን ወዲህ ደግሞ ሃምሳውን ቀለህ በእንጨት ገበታ ላይ ደርድሬ፣ እርሳስ ከመክደኔ በፊት አንድ በአንድ በባትሪ አያለሁ። ሬዲዮ ይዘጋል። ስልክ ሌላ ክፍል ይቀመጣል። ባለቤቴ ሻይ ይዛ ብትመጣ እንኳ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። «ጸሎት ላይ ነው» ትላለች ለልጆቹ።

ስለ ሕጉ ብዙ አልልም። አገር ከአገር ይለያያል፤ አንዱ ጋ ለአዳኝ የሚመከር ዕቃ ሌላው ጋ ያሳስራል። ጽሑፉ ይህንንም በአንዲት መስመር ቢነካው ጥሩ ነበር።

ማረሚያ ብታወጡ ደስ ይለኛል። የድምፁ ነገር እንኳ ይቆይ፣ «ባሩድ መቀነስ ብቻ ነው» የሚለውን ግን በሚቀጥለው እትም አንሱት።

አንድ የዒላማ ተኳሽ አንባቢያችሁ