የውድድር መኪና ቆሞ አይጠበቅም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በቅርቡ በስፖርት ገጻችሁ የወጣ ጽሑፍ የድሮ የውድድር መኪናዎችን አስነስቶ ማሽቀዳደም ቅርስ ማጥፋት ነው፣ ቦታቸው ሙዚየም ነው ይላል። ዕድሜዬን በጋራዥ የጨረስኩ መካኒክ ነኝና ይህን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

መኪና ስለቆመ ብቻ ተጠበቀ ያለው ማን ነው? ቤንዚኑ ተንኖ ካርቡራተሩ (ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ውስጥ የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይተዋል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱም የፍሬኑን ሲሊንደር ከውስጥ ያዝገዋል። ጎሚኒዎቹ ደርቀው ይሰነጠቃሉ። ከውጭ ግን ቀለሙ ያብረቀርቃልና ጎብኚው አድንቆ ያልፋል።

በእንግሊዝ አገር ጉድዉድ በሚባለው የውድድር መንገድ ዳር አንድ ሙሉ ቀን ቆሜ ተመልክቻለሁ። መንገዱ የጦርነት ጊዜ የአየር ማረፊያን ዙሪያ የሚከተል ሲሆን ርዝመቱ 3.8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ለውድድር ተከፍቶ፣ የመኪናዎቹ ፍጥነት እያየለ ሲመጣ በ1966 ተዘጋ። በ1998 እንደገና ሲከፈት የተጀመረው ዓመታዊ ዝግጅት በዚያ ዘመን የነበሩትን የመኪና ዓይነቶች የሚያሽቀዳድም ነው።

ጠዋት መኪናዎቹ ወደሚሰናዱበት ስፍራ ሄድኩ። ዘይቱ ሳይሞቅ ሞተር የሚያስጮህ አንድም ሰው አላየሁም። አንዱ መካኒክ ሞተሩን በአንድ ዓይነት ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ዕቃ) አሙቆ ካጠፋ በኋላ፣ ካንዴላዎቹን በሙሉ ፈትቶ ለሩጫ የሚሆኑትን አሰረ። በጓንት እያንዳንዱን ሲያወጣ ጫፉን በብርሃን ያየው ነበር፤ ቤንዚኑ በዝቶ ወይም አንሶ እንደሆነ ከቀለሙ ይነበባልና። ይህ ሙያ በመስታወት ሣጥን ውስጥ አይቀመጥም። የሚሠራበት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ከዚያ ወዲያ ቀኑን ያሳለፍኩት ረጅሙ ቀጥታ መንገድ የሚያልቅበት ዉድኮት በተባለው ኩርባ ነው። ጃጓር ሲ-ታይፕ የተባለው የእንግሊዝ መኪና በ1953 በፈረንሳይ የሚካሄደውን የለማንን የ24 ሰዓት ውድድር በዲስክ ፍሬን፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞርን ሳህን ከሁለት ጎን ጨምቆ በሚያቆም ፍሬን፣ ማሸነፉን ድሮ አንብቤ ነበር። ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን እዚያ ነው። የታምቡር ፍሬን፣ ማለትም ሸራው ከውስጥ ሆኖ የሚዞረውን ከበሮ መሰል ዕቃ እየገፋ የሚያቆም ፍሬን፣ ያላቸው አሽከርካሪዎች ቀድመው ይረግጣሉ፤ ታምቡሩ ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፣ ፔዳሉም ወደ ታች ይሰምጣል። ስለዚህ ፍሬናቸውን ለመጨረሻዎቹ ዙሮች እየቆጠቡ ይነዳሉ። ባለ ዲስኮቹ ዘግይተው ይረግጡና በዚያችው ጥቂት ሜትር ያልፏቸዋል። ክፍት በሆኑት መኪናዎች ላይ ደግሞ የአሽከርካሪው ክርን ሳይቀር ይታያል፤ ቀጭኑ ጎማ ሲንሸራተት መሪውን እንዴት እንደሚመልሰው ከዳር ሆኖ መማር ይቻላል። አውስትራሊያዊው ጃክ ብራብሃም በ1959 እና በ1960 የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮን የሆነባቸው ኩፐር የተባሉት የእንግሊዝ መኪናዎች ሞተራቸው ከኋላ ነበር። ይህን ዓይነት መኪና ሞተሩ ከፊት ካለው ጎን በአንድ ኩርባ ላይ ያየ ሰው፣ ለምን ሁሉም የፎርሙላ ዋን መኪና አምራች ሞተሩን ወደ ኋላ እንደወሰደ ሌላ ማስረጃ አይጠይቅም።

አደጋ የለም አልልም። እንግሊዛዊው አሽከርካሪ ስተርሊንግ ሞስ በ1962 ክፉኛ ተጎድቶ ከታላላቅ ውድድሮች የወጣው እዚሁ ጉድዉድ ላይ ነው። እኔም አፍንጫው የተጨማደደ መኪና እየተጎተተ ሲወጣ አይቼ አዝኛለሁ። ነገር ግን አልሙኒየም በእጅ ቀጥቅጦ የሚያቀና ባለሙያ እስካሁን የሚገኘው የሚያቀናው ሥራ ስላለው ነው። ቀለሙና ቆዳው ከፋብሪካ እንደወጣ የቀረ፣ ሌላ ጓደኛ የሌለው መኪና ከሆነ ግን ከሽቅድምድም ይቅር፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። እሱም ቢሆን ሞተሩ በየጊዜው ይነሣ፣ ቀስ ብሎም ይነዳ።

ገጻችሁ ለፎርሙላ ዋን ብዙ ቦታ ይሰጣል። ከዚያ ላይ ጥቂት ቀንሳችሁ የድሮ መኪናዎችን ውድድር ውጤት ብታወጡ፣ ጸሐፊውንም አንድ ቀን ኩርባ ዳር ቆሞ እንዲዘግብ ብትልኩት፣ እኔ ከመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች አንዱ እሆናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ መካኒክ