በሁዳዴ የቆጠራችሁትን ሳህን ዓመቱን ሙሉ አታስከፍሉኝ፦ ለክፍለ ከተማችን የገቢዎች ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ጣና ዳር ትንሽ የዓሣ ቤት አለችኝ። በማመልከቻም በአካልም ጠይቄ መልስ አጣሁ። በአደባባይ የምጽፍልዎ ለዚህ ነው።

የቀን ገቢዬን የገመቱት ባለሙያዎች የመጡት በሁዳዴ፣ አርብ ቀን፣ ልክ በምሳ ሰዓት ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች እተወዋለሁ። ሁዳዴ ሲገባ ዓሣ ቤት እንደሚሞላ ግን የባሕር ዳር ሰው ሁሉ ያውቃል። የዚያን ዕለት ደግሞ አጠገባችን ሥልጠና የነበራቸው ሰዎች ገብተው ወንበር ጠፍቶ ነበር። ባለሙያዎቹ በር ላይ ቆመው የሚወጣውን ጥብስና ጉላሽ ቆጠሩ። የአንዱን ዋጋ ጠየቁኝ፣ ጻፉ፣ ሄዱ። ዓሣውን ከአስጋሪ በስንት እንደምገዛ አልጠየቁም። ከፋሲካ በኋላም ብቅ አላሉም። ጾም ሲፈታ ሰው የሚሄደው ሥጋ ቤት ነው። የእኔ ቆሮሶ ዓሣ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል።

ያቺ አንዲት አርብ ናት በዓመት ተባዝታ የመጣችብኝ።

ደብተር አለኝ። በግምት የምከፍል አነስተኛ ግብር ከፋይ ብሆንም የየቀኑን ሽያጭ እጽፋለሁ። ዘይት የነካካው፣ ጥጉ የተጣጠፈ ደብተር ነው፤ ዘግተን የዋልንባቸው ቀኖች ሳይቀሩ አሉበት። ለቅሬታ ሰሚዎቹ ይዤላቸው ሄድኩ። አንደኛው ሳይገልጠው በጣቱ ገፋ አድርጎ መለሰልኝ። «ይሄ ማስረጃ አይሆንም» አለኝ። የአንድ ምሳ ሰዓት ቆጠራ ማስረጃ ከሆነ፣ የእኔ የዓመት ጽሑፍ በምን ሒሳብ ነው የማይሆነው? እስካሁን ያንገበግበኛል።

እርስዎም እዚሁ ከተማ ነው የሚኖሩት። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ገበያው ምን እንደመሰለ ያያሉ። የአዋጁ ጊዜ አልፏል፤ እንግዳው ግን እንደ ድሮው አልተመለሰም። ወደ ዘጌ ገዳማት የሚሻገረው፣ ጢስ ዓባይን አይቶ ምሳ የሚበላው፣ ለጫጉላ የሚመጣው ሙሽራ፤ የእኛ ቤቶች የቆሙት በእነሱ ነበር። 380 ሜትሩ አዲሱ የዓባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ሲመረቅ እኔም ደስ ብሎኛል። ሰው ግን አሁንም መንገዱን ይፈራል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉልኝ። የእኛ ቁርጥ ግብር የሚሰላው በሽያጭ ነው። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዘይቱም፣ በርበሬውም፣ ዓሣውም ጨምሯል። እኔም የሳህኑን ዋጋ ጨመርኩ። በብር ሲታይ ሽያጬ ያደገ ይመስላል። የሚወጣው ሳህን ግን ቀንሷል፤ የሚተርፈኝም እንደዚያው። እናንተ ግብር የጣላችሁት በኑሮ ውድነቱ ላይ ነው።

በሐምሌ 2009 የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ በስንቱ ከተማ ሱቅ እንደተዘጋና ምን ያህል ቅሬታ እንደጎረፈ ያስታውሳሉ። ዛሬም ያው አሠራር ነው የሚጠቀሙት።

አንድ ሠራተኛችሁ «ካላዋጣሽ ፈቃድሽን መልሺ» ብሎኛል። ፈቃድ ለመመለስ ክሊራንስ፣ ማለትም የግብር ዕዳ የለብሽም የሚል ወረቀት፣ ያስፈልጋል። ክሊራንስ ለማግኘት ደግሞ ይህንኑ ግብር መክፈል አለብኝ። ክፍት ሆኜ አልችለው፣ ዘግቼ አልወጣው። አብረውኝ የሚሠሩት ሁለት ሴቶች ልጆች የሚያሳድጉት በዚህች ቤት ነው።

ሕጉን እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። ቅሬታ ያቀረበ ሰው ውሳኔው ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠዋል። ለእኔ የተነገረኝ «ተወስኗል» የሚል ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ ደብተሬ ይታይልኝ። ባለሙያዎቹ በጾምም በፍስክም መጥተው ይቁጠሩ። ካልሆነም እምቢታችሁን ፈርማችሁ፣ ማኅተም አድርጋችሁ፣ ሐምሌ ሳያልቅ ስጡኝ፤ ይግባኝ የምልበት ወረቀት እንኳ ይኑረኝ።