የአየርላንድን ነገሥታት የጣላቸው የሴት ጠለፋ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ስለ መካከለኛው ዘመን የአየርላንድ ነገሥታት በወጣው ጽሑፍ ላይ የቀረበ እርምት

ክቡር አዘጋጅ፣

ዘመነ መሳፍንትን ከአየርላንድ ነገሥታት ጋር ያነጻጸረው የታሪክ ዓምዳችሁ ጽሑፍ በአራት ኪሎና በፒያሳ አካባቢ ታሪክ በምናስተምር ሰዎች መካከል ብዙ አነጋግሯል። ስለ ሩቅ አገር ታሪክ በአማርኛ የሚጻፈው ጥቂት ስለሆነ ርእሱ መነሣቱን እናመሰግናለን። ይሁን እንጂ ጽሑፉ አየርላንድ ከጥንት ጀምሮ በአንድ ንጉሥ ትገዛ ነበር ይላል፤ መሳፍንቱ የተጣሉት ሥርዓት ስላልነበራቸው ነው ይላል፤ በመጨረሻም አንድ ንጉሥ የሌላውን ሚስት ስለ ጠለፈ አገሪቱ በእንግሊዝ እጅ ወደቀች ብሎ ይደመድማል። ተማሪዎች ይህን ለቤት ሥራ እየገለበጡት ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልንም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የደሴቲቱ ስፋት 84 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የኢትዮጵያን አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ በአንድ ዘመን 150 ያህል ነገሥታት እንደነበሩ የታሪክ ምሁራን ይገምታሉ። ቢካፈል ለአንዱ ንጉሥ የሚደርሰው መሬት በአማካይ ከዛሬዋ አዲስ አበባ ብዙም አይሰፋም። ከእነዚህ ትንንሽ ነገሥታት በላይ ጥቂቶቹን የሚያስገብር ንጉሥ አለ፤ ከእርሱም በላይ የክፍለ ሀገር ንጉሥ አለ። ክፍላተ ሀገሩ አልስተር፣ ሌንስተር፣ መንስተር፣ ኮናክትና ሚድ ናቸው። በ700 ገደማ የተጻፈው የማዕረግ ሕግ የእያንዳንዱን የክብር ካሳ፣ ማለትም ክብሩ ሲደፈር የሚከፈለውን፣ ይተምናል። ለትንሹ ንጉሥ 7 ኩማል፣ ለመካከለኛው 8፣ ለክፍለ ሀገሩ ንጉሥ 14 ነው። አንድ ኩማል ብዙ ጊዜ በ3 የሚታለቡ ላሞች ይሰላ ስለነበር ትንሹ 21 ላም፣ ትልቁ 42 ላም ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ክፍለ ሀገር የሚገዛው ንጉሥ ክብሩ የትንሹን እጥፍ ብቻ ነው። በታራ ኮረብታ ስም የሚጠራው የበላይ ንጉሥ ደግሞ ስሙ ቢገንም በሌላው አገር ዳኛ አይሾምም፣ መሬት አይሰጥም፣ ቋሚ ግብር አይሰበስብም። «በአንድ ንጉሥ ትገዛ ነበር» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ይፈርሳል።

ወደ አልጋው እንምጣ። በአየርላንድ አልጋ ከአባት ወደ በኩር ልጅ የሚተላለፍበት ደንብ አልነበረም። ከነገሠ አባት፣ አያት ወይም ቅድመ አያት በወንድ በኩል የሚወለድ፣ አካሉ ጉድለት የሌለበት ወንድ ሁሉ ለንግሥና የታጨ ይሆን ነበር። ሒሳቡን ሠርታችሁ እዩት። አንድ ንጉሥ 4 ወንዶች ልጆች ቢወልድ፣ እነርሱም እያንዳንዳቸው 4 ቢወልዱ፣ እነዚያም እንዲሁ፣ በሦስተኛው ትውልድ 64 ሰው «ይገባኛል» ይላል። ነገሥታቱ ከአንድ በላይ ሚስት ያገቡ ስለነበር 4 ማለታችን በጣም ቆጥበን ነው። አንድ ቤት ለጥቂት ትውልድ ሳይነግሥ ከቆየ ግን ከተራው ይወጣል፤ ዘሩ ወደ ባላባትነት፣ ከዚያም ወደ ተራ ገበሬነት ወይም ወደ ገዳም ያዘቀዝቃል። ሰዎቹ የሚዋጉት ከዚህ መውረድ ለመዳን ነበር። አንድ ትውልድ ዝም ያለ ቤት የልጅ ልጆቹን አልጋ አብሮ ያጣል።

ይህም ሆኖ «ሥርዓት አልነበራቸውም» ማለት ስሕተት ነው። ኢ ኔል የሚባለው ታላቅ ዘር በሰሜንና በደቡብ ተከፍሎ ነበር። ከ734 ጀምሮ የታራን ንግሥና የሰሜኑ ኬኔል ኖጋንና የመካከለኛው አገር ክላን ኮልማን በየተራ ያዙት። አይድ አላን ከሰሜን፣ ዶናል ከሚድ፣ ኒል ፍሮሳክ ከሰሜን፣ ዶናካ ከሚድ እያለ እስከ 1002 ቀጠለ። ተራው የተጣሰው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ከ944 እስከ 956 የብሬጋው ኮንጋላክ በመካከል ገብቷል። ይህ ሁሉ የተጻፈ ውል ሳይኖር ነው። ሁለቱ ቤቶች መሬታቸው ስለተራራቀ አንዱ የሌላውን ርስት ለመንጠቅ አይመቸውም፤ ተራውን የሚጠብቅ ሰው ደግሞ አልጋው እንዳይዋረድ ይሻል። ጋብቻውም ያስተሳስራቸው ነበር፤ የሰሜኑ ኒል ግሉንዱብ ከእርሱ በፊት የነገሠውን የፍላን ሲናን ልጅ አግብቷል። የሌንስተሩ ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። በ727 ከሞተው ከሙርካድ ሦስት ልጆች የወጡት ሦስት ቤቶች በኔስ፣ በላየንስና በመላማስት ተቀምጠው እስከ 1042 ድረስ፣ 300 ዓመት ያህል፣ አልጋውን ተፈራርቀውበታል። ደም አልፈሰሰም ማለታችን አይደለም፤ ብዙ ፈሷል። የሚፈሰው ግን በታወቀ ክበብ ውስጥ ነው።

ክበቡን የሰበረው ብሪያን ቦሩ ነው። የእርሱ ወገን ዳል ጋሽ በመንስተር ትንሽ ቤት ነበር፤ የመንስተር ነገሥታት መቀመጫ የሆነውን የካሸልን አልጋ ለዘመናት የያዙት ኦጋናክታዎች ናቸው። ወንድሙ ማህጎን በ976 ሲገደል ብሪያን ገዳዩን በ978 ገደለና የመንስተር ንጉሥ ሆነ። በ1002 የታራው ንጉሥ ማል ሼክናል ሳይዋጋ ገበረለት። በ1005 ብሪያን በአርማ ቤተ ክርስቲያን መንበር ላይ 20 ወቄት ወርቅ አኖረ፤ በዚያው ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍም «የአየርላንዳውያን ንጉሠ ነገሥት» ተብሎ ተጻፈለት። ጽሑፋችሁ በ1014 የተደረገውን የክሎንታርፍ ጦርነት አየርላንዳውያን ቫይኪንጎችን (ከስካንዲኔቪያ በባሕር የመጡትን ተዋጊዎችና ሰፋሪዎች) ያባረሩበት ብሎታል። እንዲያ አይደለም። የሌንስተሩ ንጉሥ ማል ሞርዳ የብሪያንን የበላይነት አልቀበልም ብሎ የተነሣበት ጦርነት ነው፤ የደብሊን ቫይኪንጎች የማል ሞርዳ አጋር ነበሩ። የደብሊኑ ንጉሥ ሲትሪክ የማል ሞርዳ እኅት ልጅም የብሪያን አማችም ነው። ብሪያን በዚያ ቀን ሞተ፤ ሲትሪክ ግን እስከ 1036 በደብሊን ነገሠ። ታዲያ ማን ማንን አባረረ?

የብሪያን ድል ያመጣው መዘዝ ግን ከጦርነቱ ይልቃል። ከማንኛውም ክፍለ ሀገር የተነሣ ጎበዝ የበላይ ንጉሥ መሆን እንደሚችል አሳየ። ከ1022 በኋላ የመንስተሩም፣ የሌንስተሩም፣ የሰሜኑም፣ የኮናክቱም ንጉሥ ሞከረው። የዘመኑ ጸሐፊዎች እነዚህን «ተቃዋሚ ያላቸው ነገሥታት» ይሏቸዋል። ከእኛ ዘመነ መሳፍንት ጋር ማነጻጸር የሚያስቸግረውም እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር ጎንደር ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ስም ተቀምጦ መሳፍንቱ የተጣሉት በእንደራሴነቱ ነበር፤ በአየርላንድ ግን የተጣሉት በስሙ በራሱ ነው።

የበላይ ንጉሥ የሚኮነው እንዴት ነበር? አዲሱ ንጉሥ በዘሩ ጥንታዊ ጉብታ ላይ በትር ተቀብሎ ይሾማል። ወዲያው የንግሥና ዘረፋ ይወጣል፤ ከጎረቤት ከብት ነድቶ ካልተመለሰ ሰው አይከተለውም። ቀጥሎ ሠራዊቱን ይዞ ክፍላተ ሀገሩን ይዞራል። የመንስተሩ ሙርታ ኦብራየን በ1101 ደሴቲቱን በ6 ሳምንት ዞሮ የሰሜኖቹን ምሽግ አይለክን አፈረሰ፤ ድንጋዩንም ወታደሮቹን አሸክሞ ወደ ሊምሪክ ወሰደ። ሰሜኖቹ በ1088 የአባቶቹን ግቢ ኪንኮራን ስላፈረሱ ነው። የሚገብረው ንጉሥ ወደ በላዩ ቤት ገብቶ ልጁን ወይም የቅርብ ዘመዱን መያዣ ይሰጣል፤ በምላሹ ፈረስ፣ ዋንጫ፣ የጦር መሣሪያ፣ ልብስ ይቀበላል። ስጦታውን የተቀበለ ለዘመቻ መሰለፍና የበላዩን ማስተናገድ ግዴታው ነው። ስለዚህ ማን ከማን በላይ እንደነበረ ማወቅ የፈለገ አንባቢ ሰጪውና ተቀባዩ ማን እንደሆነ፣ መያዣውም በማን እጅ እንደነበረ ይጠይቅ።

ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል። መገበር የሰው ለሰው ነገር ስለነበረ የበላዩ ንጉሥ ሲሞት ሁሉም ይፈታል፤ ተተኪው ከመጀመሪያው ይጀምራል። መያዣው ዋጋ ያለው በሕይወት እስካለ ብቻ ነው፤ ቢገደል አስገባሪው በእጁ የቀረ ነገር የለም። ከአልጋ የተገፋ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ የሚያስጠጋው ጎረቤት ንጉሥ አያጣም፤ ያ ጎረቤት በአመቸው ቀን ሠራዊት ሰጥቶ ይመልሰዋል። የኮናክቱ ተርሎ ኦኮነር ይህን ብልሃት እንደ እርሱ የተጠቀመበት የለም። በ1118 መንስተርን በሰሜንና በደቡብ ከፍሎ ኦብራየኖችንና ማካርቲዎችን አፋጠጠ፤ በሻነን ወንዝ ላይ ድልድይ ሠራ፣ መርከቦችን አሰለፈ።

አይን ማጥፋትም የመጣው ከዚህ ነው። ንጉሥ አካሉ ሙሉ መሆን ስላለበት ተቀናቃኝን ሳይገድሉ ከተራው ማስወጫ ሆነ። ተርሎ ራሱ በ1136 የልጁን የአይድን ዓይን አስወጣ። የሌንስተሩ ዴርሞት ማክሙሮ በ1141 ከክፍለ ሀገሩ መኳንንት 17ቱን ገደለ ወይም አሳወረ። የእኛ ነገሥታት ለዚሁ ችግር ያገኙት መላ አምባ ግሸን ነበር፤ ይገባኛል የሚሉ ልጆች እዚያ ላይ ተጠብቀው ይኖራሉ፣ ወራሽ ሲጠፋም ከዚያ ይወርዳሉ። ይህ የሚሆነው ግን ተራራውን የሚያስጠብቅ አንድ ግቢ ሲኖር ነው። በአየርላንድ እንዲህ ያለ ግቢ አልነበረም።

አሁን ወደ ጠለፋው። በ1152 ዴርሞት የብሬፍኔውን ንጉሥ የቲርናን ኦሩርክን ሚስት ደርቮርጊላን ከነከብቷና ከነዕቃዋ ወሰደ። ይህ እውነት ነው። የሆነው ግን ተርሎና የሰሜኑ ሙርታ ማክሎክሊን ቲርናንን በወጉበት ዘመቻ ላይ ነው፤ በማግሥቱ ዓመት በ1153 ተመልሳለች። በ1157 ለሜሊፎንት ገዳም 60 ወቄት ወርቅ ሰጥታለች፤ በ1193 በዚያው ገዳም አረፈች። ዴርሞት የተሰደደው በ1166 ነው። በመካከል ያለፉትን 14 ዓመታት ጽሑፋችሁ ዘሏቸዋል።

በ1166 የሆነው ይህ ነው። የዴርሞት ጠባቂ የነበረው የበላይ ንጉሥ ማክሎክሊን የምሥራቅ አልስተሩን ንጉሥ ዋስ ከተጠራለት በኋላ ዓይኑን አጠፋ። ዋሶቹ ተዋርደው ተነሡበት፤ ወገኖቹ ከዱት፣ ተገደለ። የተርሎ ልጅ ሮሪ ኦኮነር የበላይነቱን ያዘ። ጠባቂ ያጣው ዴርሞት ቲርናንን፣ የደብሊንን ሰዎችና በ1141 ያስመረራቸውን የገዛ መኳንንቱን በአንድ ጊዜ ገጠመ። በነሐሴ መጀመሪያ በመርከብ ወጥቶ ፈረንሳይ ውስጥ የነበረውን የእንግሊዙን ንጉሥ ሄንሪ 2ኛን ደጅ ጠና። የተገፋ ሰው ጎረቤት ንጉሥ ዘንድ መጠጋቱ የቆየ ልማድ ነው፤ የዚህ ጊዜው ጎረቤት ግን ባሕር ማዶ ነበር። በ1169 ዴርሞትን የሚረዱ ኖርማኖች፣ ከሄንሪ ግዛት የመጡ ተዋጊዎች፣ በባኖ የባሕር ወሽመጥ ወረዱ። በ1170 ሮሪ የዴርሞትን መያዣዎች፣ ልጁን ጨምሮ፣ አስገደለ፤ ከዚያ ወዲያ ዴርሞትን የሚያግደው አልነበረም። በዚያው ዓመት ስትሮንግቦ የተባለው መስፍን ሴት ልጁን ኢፋን አገባ፤ ዴርሞት በ1171 ሲሞትም በሚስቴ በኩል ሌንስተር ይገባኛል አለ። በአየርላንድ ሕግ አልጋ በሴት በኩል አይተላለፍም።

ሄንሪ በጥቅምት 1171 የመጣው ስትሮንግቦ ራሱን እንዳያነግሥ ሰግቶ ነው። ደብሊን አጠገብ በቀንበጥ በተሠራ አዳራሽ ገናን ከአየርላንድ ነገሥታት ጋር አከበረ። ብዙዎቹ ወደ ቤቱ ገብተው የገበሩት ለማክሎክሊንና ለሮሪ እንደገበሩት ነበር፤ ሲሞት ይፈታል ብለው። ሄንሪ ግን መገበራቸውን በመሬቱ ላይ ያለ መብት አድርጎ ወሰደው፤ እርሱ ቢሞትም ወራሹ ይወርሰዋል። በ1175 በዊንዘር ውል ሮሪ ኮናክትን ይዞ ሊቆይ፣ ከሚታረደው ከየ10ሩ ከብት አንድ ቆዳ ሊገብር ተስማማ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በ1177 ሄንሪ የኮርክንና የሊምሪክን መንግሥታት ለራሱ ባላባቶች ከፍሎ ሰጠ።

ከጋዜጣው የምንጠይቀው እርምቱ በዚያው ዓምድ እንዲወጣ ነው። ርእሱ ሲመለስበትም የዘር ሐረግ ሠንጠረዥ አብሮ ይታተም፤ ከስሙ በፊት ቤቱ፣ ከስሙ በኋላ የሞተበት ዓመት ይጻፍ። እነዚህ ሰዎች በስም ይመሳሰላሉ፤ ጽሑፋችሁም በ1086 የሞተውን የመንስተሩን ተርሎ ኦብራየንን በ1156 ከሞተው ከኮናክቱ ተርሎ ኦኮነር ጋር አንድ ሰው አድርጎታል። ሙርታ ኦብራየን በ1119፣ ሙርታ ማክሎክሊን በ1166 መሞታቸውም አብሮ ይታረም። ካርታ ከታተመም ለ900 አንድ፣ ለ1150 ሌላ ይሁን፤ በመካከላቸው መንስተር ለሁለት ተከፍሏልና።

ከአክብሮት ጋር፣
በአራት ኪሎና በፒያሳ አካባቢ የምንገኝ የታሪክ መምህራን