ከምንጫችን በላይ ነዳጅ አይቀበር፦ ለከተማችን ከንቲባ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ከንቲባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን በታች ያለው ምንጭ የውኃ ኮሚቴ አባል ሆኜ ነው። ጸሐፊው አንድ ልሁን እንጂ ሐሳቡ የብዙ ሰው ነው። በእድሩም፣ በሰንበቴውም፣ ቡና ላይም ሰሞኑን ሰፈራችን የሚያወራው ይህንኑ ነው።

ጉዳዩ አጭር ነው። ከምንጩ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ የነዳጅ ማከማቻ ሊሠራ ነው። ታንከሮቹ መሬት ውስጥ ይቀበራሉ። ከዚያ ተነስቶ አስፋልቱ ዳር እስከሚሠራው ማደያ ድረስ ቱቦ ይዘረጋል። ችካሉ ተተክሏል፤ ጫፉ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ወሬውን የሰማነው ግን ከእርስዎ ጽሕፈት ቤት አይደለም። ቦታውን ሲለኩ የነበሩ ልጆች ለእረኞች ነገሯቸው፤ እረኞቹ ደግሞ ለእኛ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ። ነዳጅ አያስፈልግም የሚል ሰው እኛ ዘንድ የለም። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ በጥቁር ገበያ ሲቸበቸብ አይተናል። ባጃጅ ነጂው ማደያ ተሰልፎ ሲያድር፣ ወፍጮው በናፍጣ እጦት ሲቆም፣ ምጥ የያዛትን ሴት የሚያደርስ መኪና ሲጠፋ አይተናል። ከተማችን የራሷ ማከማቻ ቢኖራት ደስ ይለናል። ባለሀብቱም ይሥራ፣ ያትርፍ፣ የሰፈር ልጆችን ይቅጠር። የምንቃወመው ቦታውን ነው።

ምንጩን ሳያውቁት አይቀሩም። ድሮ ሜዳ ላይ የሚፈልቅ ነበር፤ በኋላ በሲሚንቶ ተገንብቶ ጎለበተ። አሁን ሦስት ቧንቧ አለው። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ብቅ ቢሉ ቢጫ ጄሪካን ተደርድሮ ያገኛሉ። ባለቤቱ በቦታው ባይኖርም ጄሪካኑ ተራውን ይጠብቃል፤ ማንም አይነካውም። ትርፉ ውኃ በቦይ ወርዶ የከብት ማጠጫውን ገንዳ ይሞላል። ከገንዳው የተረፈው ጎመንና ድንች ያጠጣል። የከተማው የቧንቧ ውኃ እንደሚያውቁት በፈረቃ ነው፤ መብራት ከጠፋ ፓምፑም ይቆማል። ያን ጊዜ የላይ ሰፈሩም የታች ሰፈሩም ሰው ጄሪካኑን አንጠልጥሎ ወደዚህ ይመጣል። ምንጩ መብራት አይፈልግ፣ ናፍጣ አይፈልግ። በራሱ ይፈሳል። ጸበልተኛውም የሚቀዳው ከዚሁ ነው።

ውኃው ከየት እንደሚመጣ አሳምረን እናውቃለን፤ ደክመንበታልና። ከዓመታት በፊት ግንቦት ላይ ሁለቱ ቧንቧ ደርቀው አንዱ ብቻ ጠብ ጠብ ይል ነበር። የግብርና ባለሙያዎች መጥተው አስረዱን። ተዳፋቱ ተራቁቷል፣ ዝናቡ ሳይሰርግ ጎርፍ ሆኖ ይሄዳል፣ ምንጩ እንዲጠነክር ከፈለጋችሁ ውኃውን ከላይ አስቁሙት አሉን። በየዓመቱ ጥር ላይ በተፋሰስ ልማት ዘመቻ ወጣን። እርከን ሠራን፤ ዝናቡን ይዞ የሚያሰርግ ጉድጓድ፣ ትሬንች የምንለውን፣ ቆፈርን፤ ቦታውን ከከብት ከለልነው። መጀመሪያ ላይ ግጦሽ ጠበበን ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ፤ ሽማግሌዎች ገብተው አስማሟቸው። የከተማው አስተዳደርም አብሮን ወጥቷል፤ የቢሮ ሠራተኞች ዶማ ይዘው ከእኛ ጋር ውለዋል። አሁን ግንቦት ላይ ሦስቱም ቧንቧ ይፈሳሉ።

ችካሉ የተተከለው እዚያው ላይ ነው፣ ክቡር ከንቲባ። ትሬንቹ መሃል።

ያስደነገጠንም ይኸው ነው። ያ መሬት የዝናቡን ውኃ ወደ ውስጥ እንዲያሰርግ ተብሎ በሕዝብ ጉልበት የተዘጋጀ መሬት ነው። ውኃውን የሚያሰርገው ትሬንች ናፍጣውንም ያሰርገዋል። ከሥር ያለው ድንጋይ ደግሞ እሳተ ገሞራ የፈጠረው፣ የተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ውኃ በስንጥቁ ሾልኮ በፍጥነት ይሄዳል። ለዚህ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ሐምሌ ላይ ሌሊቱን ከባድ ዝናብ ካደረ በማግስቱ የምንጩ ውኃ ይደፈርሳል። ጠዋት የሚቀዱ እናቶች ጄሪካኑን አስቀምጠው እስኪጠል ይጠብቃሉ። ከተዳፋቱ እስከ ቧንቧው ያለው መንገድ እንግዲህ የአንድ ሌሊት መንገድ ነው። ከላይ ናፍጣ ቢፈስ የሚመጣው በዚያው መንገድ ነው፤ ናፍጣ ግን እንደ ጭቃ አይጠልም።

ትንሽ ቅምሻውንም አይተናል። ባለፈው ክረምት አንድ ጋራዥ የተቃጠለ ዘይት ቦይ ውስጥ ደፋ። ስንት ሊትር እንደነበር አላውቅም፤ ብዙ አልነበረም። በማግስቱ የከብት ማጠጫው ገንዳ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም ተንሳፈፈ። በሬዎቹ አፍንጫቸውን ዝቅ አድርገው አሸተቱና ተመለሱ። ገንዳውን በሳሙና አጥበን፣ በጭድ ፈትገን፣ ደፍተን ሞላነው፤ ሽታው ግን ቶሎ አለቀቀም። እሱ ዓይናችን እያየ በቦይ የወረደ ነው። መሬት ውስጥ ያለውን ግን በምን ፈትገን እናወጣዋለን?

ታንከሩ አዲስ ነው፣ ድርብ ግድግዳ አለው፣ አያፈስም የሚል ባለሙያ ይኖር ይሆናል። ድርብ ግድግዳ ጥሩ ነገር ነው፤ የትም ቢሠራ እንዲኖረው እንፈልጋለን። ግን ብረት ይዝጋል፤ መገጣጠሚያ ይላላል፤ ቦቴ ሲገለብጥ ይፈሳል። በቀን ጥቂት ጥቂት የሚያንጠባጥብ የተቀበረ ቱቦ ለዓመታት ሳይታወቅበት ሊቆይ ይችላል። ክሎሪን ጀርም ይገድላል እንጂ ነዳጅ አያወጣም። በነዳጅ ውስጥ፣ በተለይ በመኪና ቤንዚን ውስጥ፣ ቤንዜን የሚባል ካንሰር የሚያመጣ ኬሚካል አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውኃ ውስጥ ከዚህ አይለፍ ያለው መጠን በሊትር 0.01 ሚሊ ግራም ነው። ይህን ያህል ነገር በዓይን አይታይም፣ በምላስ አይታወቅም።

ናይጄሪያ ውስጥ ኦጎኒላንድ የሚባል የነዳጅ አገር አለ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እዚያ ያደረገውን ሰፊ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2011 አውጥቷል። ኒሲሲዮኬን ኦጋሌ በተባለ መንደር ሰዎች ይጠጡት በነበረው የጉድጓድ ውኃ ውስጥ የተገኘው ቤንዜን ከዓለም ጤና ድርጅት መጠን ከ900 እጥፍ በላይ ነበር። ቦታው ለነዳጅ ቱቦ ቅርብ ነው። የከርሰ ምድሩ ውኃ ላይ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ነዳጅ ተንሳፍፎ ተገኘ። ልብ ይበሉ፣ ድፍድፍ አይደለም። የተጣራ ነዳጅ ነው፤ እኛ ሰፈር ሊቀበር የታሰበው ዓይነት። አካባቢውን አጽድቶ ለመመለስ ከ25 እስከ 30 ዓመት ሊወስድ እንደሚችልም ጥናቱ ተናግሯል። እነዚያ እናቶችም እንደ እኛዎቹ ባልዲ ይዘው የሚቀዱ ነበሩ።

ቁጥጥር ይደረጋል ይባላል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2010 አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ አንድ የነዳጅ ቱቦ ተሰንጥቆ ወደ ካላማዙ ወንዝ ፈሰሰ። ኮምፒውተር ፊት የተቀመጡ ተቆጣጣሪዎች ነበሩ፤ ማስጠንቀቂያውም ደጋግሞ ጮኾ ነበር። ቱቦው የተዘጋው ግን ከ17 ሰዓት በኋላ ነው። ለጽዳቱ የወጣው ገንዘብ ከ1 ቢሊዮን ዶላር አለፈ። እኛ ጋ የሚኖረው ተቆጣጣሪ ባትሪ የያዘ ዘበኛ ነው። የዘበኛ ሥራ አልናቅኩም፤ መሬት ውስጥ የሚሆነውን ግን በባትሪ ማየት አይችልም።

እዚህ ላይ ራሳችንም ልንጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። ስብሰባችን ላይ አንዳንዱ ሰው «ወደ ታች ይውሰዱት» አለ። ከታች ያሉት ቀበሌዎችም ምንጭ አላቸው፤ ወንዝም ይጠጣሉ። እኛ ከጮቄ ሥር ነን። ሙጋም፣ ሱሃም፣ ጨሞጋም፣ ጀደብም ከዚህ ተራራ ተነስተው ዓባይ ይገባሉ፤ ከእኛ በታች ሁልጊዜ ሌላ ጠጪ አለ። አንዲት አዛውንት እናታችን «ልጄ፣ እኛ የማንጠጣውን ለጎረቤት አንቀዳም» ሲሉ ቤቱ ጸጥ አለ። ስለዚህ ጥያቄያችን ከእኛ ይራቅ ብቻ አይደለም። ከማንም የመጠጥ ምንጭ በላይ ያልሆነ ቦታ ይፈለግ ነው።

ይህን የምለው ሌላ አገር የሆነውን ስለማውቅ ጭምር ነው። ዳኮታ አክሰስ የተባለው የአሜሪካ የነዳጅ ቱቦ ሲታቀድ ከታሰቡት መስመሮች አንዱ ቢስማርክ ከተባለችው ከተማ በላይ የሚያልፍ ነበር። ያ መስመር ቀረ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ለከተማዋ የመጠጥ ውኃ ጉድጓዶች መቅረቡ ነው። ከዚያ ቱቦው የስታንዲንግ ሮክ ነባር ሕዝቦች ከሚጠጡበት ከኦዋሄ ሐይቅ ሥር እንዲያልፍ ተደረገ፤ ከመኖሪያ ክልላቸው አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይርቅም። ሰዎቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ድንኳን ተክለው በዚያ በረዶ ተቃወሙ፤ ከብዙ አገር ሰው ተቀላቀላቸው። ነዳጁ ግን እ.ኤ.አ. በ2017 መፍሰስ ጀመረ። ፍርድ ቤት ሙሉ የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት ያስፈልግ ነበር፣ ይሠራ ብሎ የወሰነው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። የእኛ ጉዳይ ገና ችካል ላይ ነው፤ ዛሬ መነጋገር ለሁላችንም ይረክሳል፣ ለባለሀብቱም ጭምር።

ሕጉን እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። አንቀጽ 92 አካባቢን የሚነካ ፕሮጀክት ሲታቀድ ሕዝቡ ሐሳቡን እንዲሰጥ ያዛል። በ1992 የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ለቤት ፍጆታ የሚውል ውኃ ከሌላው አገልግሎት ሁሉ እንዲቀድም ደንግጓል። በ1995 የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 ደግሞ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ያለ ፈቃድ እንዳይጀመር፣ ጥናቱም ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት ይላል። ስለዚህ ጥናቱ ተሠርቶ ከሆነ እንየው። ካልተሠራ ማን ፈቀደ?

የምንጠይቅዎ ብዙ አይደለም። ጥናቱ እስኪታይ ድረስ ቁፋሮ እንዳይጀመር ያዙልን። አማራጭ ቦታ ሲፈለግ የውኃና የጂኦሎጂ ባለሙያ ይኑርበት፤ የመሬት ክፍሉ ብቻውን በካርታ አይወስን። ሕዝቡን ጠርተው ያወያዩ፤ ስብሰባው ውኃ የሚቀዱት ሴቶች በሚመቻቸው ሰዓት ይሁን፤ ጠዋት ከሆነ አይመጡም። ባለሀብቱም ይገኝ፤ ጠላታችን አይደለም፣ ሐሳቡን መስማት እንፈልጋለን።

አንድ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የማይያያዝ የሚመስል፣ ግን የማይዘገይ ነገር አለ። ምንጩ አሁን ባለበት ሁኔታ ናሙና ተወስዶ በላቦራቶሪ ይመርመር፤ ለነዳጅ ኬሚካሎችም ጭምር። ውጤቱ በማኅተም ተረጋግጦ ለከተማው አስተዳደርም ለውኃ ኮሚቴውም ይሰጥ። ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር «ድሮም እንዲህ ነበር» የሚል ክርክር ውስጥ እንዳንገባ። ለናሙናው መጓጓዣ ኮሚቴው ከሚሰበስበው የጄሪካን ሳንቲም ላይ ለማዋጣት ተስማምተናል።

በሚመችዎ ቀን ከመሐንዲስዎ ጋር ይምጡልን። ከችካሉ እስከ ቧንቧው አብረን እንውረድ፤ በእግር ሩቅ አይደለም። ሐምሌ ከመግባቱ በፊት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ዝናቡ ከጀመረ ተዳፋቱ ያንሸራትታል። አንድ ቀን ቀደም ብለው ለቀበሌው ቢያሳውቁልን ሽማግሌዎቹን ጠርተን እንጠብቅዎታለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ስለ ምንጩ ተጠቃሚዎች፣ አንድ የውኃ ኮሚቴ አባል
ጎጃም