አጽም በሽቦ

ሰላም ወዳጆች፣

የዚህ ሳምንት ፊልማችን የአሜሪካዊው የአስፈሪ ፊልሞች ዳይሬክተር የዊልያም ካስል ነው። ሰውዬው ከዳይሬክተርነቱ አሻሻጭነቱ ይበልጣል፤ እኔም የምወደው ለዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 «ማካበር»ን ሲያሳይ፣ በድንጋጤ ለሚሞት ተመልካች 1,000 ዶላር የሚከፍል ኢንሹራንስ ገባ!

በዓመቱ ደግሞ ባሰበት። «ሃውስ ኦን ሆንትድ ሂል» ሲታይ የፕላስቲክ አጽም በሽቦ ተንጠልጥሎ ከስክሪኑ አጠገብ ይወጣና በሰው አናት ላይ ይንሳፈፋል። ልጆቹ ይፈራሉ ሲባል የፈንዲሻ ካርቶን ይወረውሩበት ጀመር። ለ«ቲንግለር» ግን አንዳንድ ወንበሮች ሥር ሞተር አስገጠመ። በፊልሙ ውስጥ ያለው ጉደኛ ፍጥረት ሲያመልጥ መቀመጫው ድንገት ይንዘፈዘፋል። በጨለማ ውስጥ አስቡት እስቲ!

እኛ ሞተር የለንም። ወንበር የሚነቀንቅ በጎ ፈቃደኛ ካለ ይንገረኝ። ፈንዲሻው ከእኔ።