የመኪና ጥገና ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ የላንድክሩዘራችን ፍሬን

የመኪና ጥገና ክበብ በዘንድሮው የትምህርት ዘመን አንድ ትልቅ ሥራ ይዞ ከርሟል። ከቤተ ሙከራው ጀርባ በቆርቆሮው ጥላ ሥር የምትቆመውን ላንድክሩዘር የማያውቅ የትምህርት ቤታችን ቤተሰብ የለም። ቶዮታ ከ1960 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. በጃፓን ካመረታቸው የ40 ሞዴል ላንድክሩዘሮች አንዷ ስትሆን፣ ባለ 3 ሊትር የናፍጣ ሞተሯ ዛሬም ያለ ችግር ይነሣል። ለችግኝ ተከላ ወደ እንጦጦ አካፋና ችግኝ ስታመላልስ የኖረችው ይህች መኪና ባለፈው ክረምት ቁልቁል ስትወርድ የፍሬን ፔዳሏ እንደ ድንጋይ ስለጠነከረ፣ ሾፌራችን በከባድ ማርሽ ቀስ አድርጎ ካወረዳት በኋላ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። በጨረታ ትሸጥ የሚል ሐሳብ ሲነሣ ክበባችን አስቀድሞ ይመርምራት ዘንድ ጠየቀ፤ አስተዳደሩም ስለፈቀደልን እናመሰግናለን።

አንዳንድ ወላጆች ተማሪ ፍሬን እንዲነካ መፍቀድ ተገቢ ነው ወይ ሲሉ ጠይቀውናል። ጥያቄው የሚገባ ስለሆነ መልሱን እዚህ በግልጽ ማስፈር እወዳለሁ። ጎማዎቹ በታኮ ሳይያዙና መኪናዋ ከክሪኩ ሌላ በጠንካራ ድጋፍ ላይ ሳታርፍ ከሥሯ የገባ ተማሪ የለም፤ የተፈታውና የታሰረው ሁሉ በእኔ፣ በክበቡ መምህር፣ ተፈትሿል፤ መሪ የጨበጠ ተማሪ አልነበረም፤ ወደ መንገድ ከመውጣቷም በፊት ከትምህርት ቤቱ ውጭ የመጣ ባለሙያ መካኒክ ሙሉ ምርመራ አድርጎላታል።

የጥቅምትና የኅዳር ስብሰባዎች በምዝገባ፣ በሥራ ክፍፍልና መሣሪያ በመቁጠር አለፉ። ዋናው ትምህርት የጀመረው ተማሪዎቹ ሰርቮ፣ ማለትም ፍሬን ሲረገጥ የሾፌሩን እግር የሚያግዘው ክፍል፣ ምን እንደሚሠራ መጠየቅ ሲጀምሩ ነው። ሰርቮው በፔዳሉና በፍሬኑ ፖምፓ (የፍሬን ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ በሚገፋው ክፍል) መካከል ያለ ክብ ጣሳ ሲሆን ውስጡ በላስቲክ ዲያፍራም ለሁለት ተከፍሏል። እግር ካላረፈበት ከሁለቱም ወገን አየሩ ተመጦ ይቆያል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ግን በፔዳሉ በኩል የውጭ አየር ይገባና ዲያፍራሙን ወደ ፖምፓው ይገፋል። በሌላ አነጋገር፣ ከሾፌሩ እግር ጋር አብሮ የሚረግጠው በዙሪያችን ያለው የአየር ግፊት ነው። በቤንዚን መኪና አየሩን የሚመጠው ሞተሩ በማስገቢያው በኩል ሲሆን፣ በእኛ የናፍጣ መኪና ግን ይህን የሚሠራው ከዲናሞው ጀርባ የተገጠመ ፓምፕ ነው።

የፊዚክስ መምህራችን በአንድ ክፍለ ጊዜ ተገኝተው ያደረጉትን እገዛ ሳልጠቅስ አላልፍም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ተማሪዎቹ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዲያፍራም ወስደው ሲያሰሉ፣ አየሩ ፈጽሞ ቢመጠጥ እንኳ በባሕር ዳርቻ የሚገኘው 320 ኪሎ ግራም ያህል ግፊት በእኛ ከተማ ወደ 240 ዝቅ እንደሚል ደረሱበት። እዚህ ከፍታ ላይ ሰርቮው ቀድሞውኑ ጉልበት ስለሚያንሰው ትንሽ ብልሽት ጨምሮበት ፔዳሉን ማክበዱ አያስደንቅም። የእኛ ክበብ እጅ ከማቆሸሽ በቀር ለትምህርት አይጠቅምም ለሚሉ ይህን ስሌት ማሳየት ይበቃኛል።

መኪናዋን ያየ አንድ ጋራዥ ሳይፈታ ሰርቮው ስለሞተ ይቀየር ብሎ ነበር፤ ዋጋውም ከክበቡ የዓመት በጀት እጅግ የራቀ ነበር። እኛ ግን በቅደም ተከተል መረመርን። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፔዳሉ ጠንከር እስኪል ደጋግሞ ይረገጣል፤ እግር ሳይነሣ ሞተሩ ሲነሣ፣ ሰርቮው ጤነኛ ከሆነና አየሩም የሚመጠጥ ከሆነ ፔዳሉ ከእግር ሥር ጥቂት ዝቅ ይላል። የእኛ ፔዳል አልተነቃነቀም። ይህ ውጤት ደግሞ ጥፋቱ በፓምፑ፣ ፓምፑን ከሰርቮው ጋር በሚያገናኘው ቱቦ፣ አየርን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፈው ቫልቭ ወይም በራሱ በሰርቮው ሊሆን እንደሚችል እንጂ የትኛው እንደሆነ አይናገርም። ተማሪዎቹ በፓምፑ አፍ ላይ አውራ ጣታቸውን ሲያሳርፉ በኃይል ሳባቸው። በሰርቮው በኩል ባለው የቱቦ ጫፍ ግን መጀመሪያ ሳብ አድርጎ ሞተሩ ሲፈጥን ጭራሽ ለቀቀ።

በዚህ ጊዜ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ በስብሰባ ላይ ድምጿ እምብዛም የማይሰማ ልጅ፣ “ቲቸር፣ ሰርቮውን ከመንካታችን በፊት ቱቦውን ልሰንጥቀው?” አለችኝ። ቱቦው ከውጭ ሲታይ እንከን የለውም። በምላጭ ከዳር እስከ ዳር ስትሰነጥቀው ውስጡ በሞተር ዘይት አብጦ፣ ሽፋኑም ከግድግዳው ተላቅቆ ተገኘ፤ መምጠጡ ሲበረታ ይህ ለስላሳ ሽፋን እርስ በርሱ ተጣብቆ መንገዱን ይዘጋ ነበር። ሌሎቹ ሲያጨበጭቡላት እርሷ ጣቷ ላይ ያለውን ዘይት እያየች “ታዲያ ይኼ ዘይት ከየት መጣ?” አለች። ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ መልስ ካገኘ በኋላ ቀጣዩን ጥያቄ የሚጠይቅ ተማሪ ሳይ ግን ዛሬም ልቤ ይነካል። ዘይቱ የመጣው በሞተር ዘይት ከሚለሰልሰው ከዲናሞው ፓምፕ ነበር፤ ጎሚኒው (ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋው ላስቲክ) አልቆ ዘይቱን ወደ ቱቦው ያሳልፍ ነበርና ቱቦውን ብቻ ቀይረን ቢሆን አዲሱም በዚያው መንገድ በተበላሸ።

ዕቃ ፍለጋ ወደ ሶማሌ ተራ ያደረግነው ጉዞ የዓመቱ ምርጥ ትምህርት ነበር። አንድ ሻጭ ልኩ የሆነ የውኃ ቱቦ ሲያቀርብልን ያችው ተማሪ አንዱን ጫፍ በመዳፏ ደፍና በሌላው በአፏ ሳበች፤ ቱቦው እንደ ባዶ ከረጢት ተጣበቀ። ለቫኪዩም፣ ማለትም አየር ለሚመጠጥበት ሥራ፣ የሚሆነው ግድግዳው ወፍራምና በውስጡ በክር የተጠናከረ መሆኑን ረጋ ብላ አስረዳች። አጠገብ ያሉ ሽማግሌ ነጋዴ ይህን አዳምጠው “ነይ እስቲ ልጄ፣ ቁልፉን ያዢልኝ” ብለው መጋዘናቸውን ከፈቱና ትክክለኛውን ቱቦ አወጡ፤ ለትምህርት ከሆነ ብለውም ከዋጋው ቀነሱልን። ስማቸው እንዲጠቀስ ባይፈልጉም ምስጋናችን ይድረሳቸው።

እንቅፋት አልጠፋም። በፖምፓውና በሰርቮው መካከል የፍሬን ዘይት ርጥበት ስላገኘን የፖምፓውንም ጎሚኒ መቀየር ግድ ሆነ፤ እርሱን ስንፈልግ መጋቢት ያለ ሥራ አለፈ። ለፍሬን ቱቦ ነት የሚሆን መፍቻ ስለሌለን አንዱ ነት ተላጠ፤ ቱቦውንም በከፍተኛ ዋጋ ውጭ ማሠራት ነበረብን። መፍቻው በወቅቱ ቢገዛልን ኖሮ ወጪው ባልመጣ ነበር፤ ጥያቄያችን ከመስከረም ጀምሮ በጽሑፍ ቀርቧል። የፍሬን ዘይቱንም ሙሉ በሙሉ ለውጠናል፤ ዘይቱ ርጥበት ስለሚስብ፣ አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የማይፈላው ዶት 3 የተባለው የፍሬን ዘይት፣ ርጥበት ሲገባበት እስከ 140 ዝቅ ባለ ሙቀት ሊፈላ ይችላል፤ ይህም በእንጦጦ ቁልቁለት ቀልድ አይደለም። አየሩን ከፖምፓው ከሚርቀው ከኋላ ቀኝ ጎማ ጀምረን አስወጣን።

በግንቦት ወር ሞተሩ ጠፍቶ፣ ያች ተማሪ ፔዳሉን ደጋግማ ረግጣ እግሯን ሳታነሣ ሞተሩ ተነሣ። ፔዳሉ ከእግሯ ሥር ዝቅ ሲል “ወረደ!” ብላ ጮኸች። ዋናው ሰርቮ አልተቀየረም፤ ዛሬም የሚሠራው ያው “ሞተ” የተባለው ነው። ከመካኒኩ ፍተሻ በኋላ ሾፌራችን በመጀመሪያ በግቢው ውስጥ፣ ቀጥሎም በእንጦጦ መንገድ ሞክሯት በሰላም ተመልሷል።

የኋላ ፍሬን ሸራዎቹ ስለሳሱ ለሚቀጥለው ዓመት የተያዘው ሥራ እርሱ ነው። ለዚህም የፍሬን ቱቦ ነት መፍቻ፣ የቫኪዩም መለኪያ ጌጅና ከክሪክ ሌላ መኪና የሚያቆሙ ጠንካራ መደገፊያዎች ያስፈልጉናል፤ መደገፊያዎቹን ዘንድሮ የተጠቀምነው በውሰት ነው። ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎቻችን ያገለገለ መሣሪያ ቢኖራችሁ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ጥላው ብቅ በሉ፤ ክበቡ በጽሑፍ ተረክቦ በንብረት መዝገብ ያስመዘግባል።